የማያመኝ በሽታ

ስኳር እንዳለብኝ መጀመሪያ የጠረጠረው ሐኪም አልነበረም። መነጽር ሊሸጥልኝ የነበረ ልጅ ነው።

ዓይኔ ብዥ ማለት ጀምሮ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። ስምንት ቁጥር ከሦስት አልለይ ሲለኝ «ዕድሜ መጣ እንግዲህ» ብዬ መነጽር ቤት ሄድኩ። ልጁ አንዱን ሌንስ እያነሳ ሌላውን እያደረገ ለካኝ። ልኬቱ አልያዝ አለው። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ «ውሃ ይጠማዎታል?» አለኝ። «ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ?» ሁለቱንም አዎ አልኩት። «እንግዲያው መነጽሩ ይቆየን። መጀመሪያ ስኳርዎን ይለኩ» ብሎ ሸኘኝ። እጁ የገባ ገበያ እንዲህ የሚመልስ ነጋዴ ብዙ አላውቅም።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ የዓይን ሌንስ ያብጥና ቅርጹ ይለወጣል። ዓይን ብዥ የሚለው ለዚህ ነው። በዚያ ሰሞን የተለካ መነጽር ስኳሩ ሲስተካከል አይሆንም፤ ገንዘቡ ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ስኳሩ ረግቶ ጥቂት ሳምንታት እስኪያልፉ መጠበቅ ይሻላል።

ጥሙን ለምን ቀድሜ እንዳልጠረጠርኩት የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ውሃ የማይጠማው ማን ነው? ውሃ የጠጣ ደግሞ ይሸናል። ክብደቴ ቀንሶ ነበር፤ እሱን ግን ሰው ሁሉ ወደደልኝ። «አማረብሽ! ምን ተጠቅመሽ ነው?» እያሉ የመሥሪያ ቤት ሴቶች ምስጢሩን ይጠይቁኛል። ምስጢሩ የበላሁት ስኳር ወደ ሰውነቴ ሕዋሳት መግባት አቅቶት በሽንት መውጣቱ ነበር። ሰውነቴ ኃይል ሲያጣ የራሱን ስብና ጡንቻ ይበላ ነበር። እኔም ቀሚስ አስጠብባለሁ።

ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ተለካሁ። 214 ሆነ (ሚሊግራም በዴሲሊትር)። በማግሥቱ ደገሙት፤ ያው አካባቢ ነው። ጾሙን ባደረ ሰው ከ100 በታች ጤና ነው። ከ100 እስከ 125 መሀል ሰፋሪ ነው፤ ቅድመ ስኳር ይሉታል። 126ና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከተገኘ ስኳር ነው። የሦስት ወር አማካይ የሚባለውም ተሠራልኝ፤ 9.8 በመቶ። እሱ ደግሞ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር ነው። በየትኛውም በኩል ብመጣ ማምለጫ የለኝም። ቁጥር ሥራዬ ነው፤ ከቁጥር ጋር አልከራከርም።

«ምን ይሰማዎታል?» አለኝ ዶክተሩ። ወጣት ነው፤ ከትልቁ ልጄ ብዙም አይበልጥም።

«ምንም። ምንም አያመኝም።»

«አያምም» አለኝ እየጻፈ። «ሰው መድኃኒቱን የሚተወውም ለዚህ ነው።»

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ስለማያመው ነገር ነው። ስለ አመጋገብ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ስፖርትም እንደዚያው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ሕመምን የምናውቀው በማቃሰት ነው። ሰው ሲታመም ይተኛል፣ ይጠየቃል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይባላል፣ ከዚያ ይነሳል ወይም አይነሳም። ስኳር ይህን ወግ አያውቅም። አያስተኛም። አያስቃስትም። ሳያመኝ ታመምሽ ተባልኩ፤ ሳይሻለኝም ሥራ ገባሁ።

ጠያቂ ግን አልቀረም። ወሬው ከእናቴ አፍ ወጥቶ እስከ ሽምብጥ ሰፈር ደረሰ። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ልብስ ስተኩስ ያገኘኛል፤ ግራ ይገባዋል። «ተነሳሽ እንዴ?» ይላል፤ ተኝቼ የማውቅ ይመስል። የሚያስቀው የያዙት ነገር ነው። የታመመ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድማ! ሚሪንዳ መጣ። ማንጎ ጭማቂ በካርቶን መጣ። ሙዝ በእቅፍ መጣ። አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ ከገጠር ያስመጣችውን ነጭ ማር በብልቃጥ ይዛ መጣችና ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ይኼ እንኳን ስኳር አይደለም፤ ንጹሕ ማር ነው» አለችኝ። ፍቅሯን አልጠራጠርም። ማር ግን ያው የስኳር ዘመድ ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባ ከየት አበባ እንደመጣ የሚጠይቀው የለም። ማሩን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ልጆቹ ጨረሱት።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። እሷን ያሳሰባት ሌላ ነው። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይሉ ነበር ድሮ። መቼ ሀብታም ሆንሽና ያዘሽ?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። እሷ ባደገችበት ቆላ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ውሃ ሲቀዳ ይውላል። እኔ ከወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ወንበር ነኝ። ደሞዜ ሳይበለጽግ ኑሮዬ ብቻ ተቀመጠ።

ከጠያቂዎቹ ጋር መድኃኒቱም መጣ። አብሽ በጠዋት፣ ሬት በማር (አሁንም ማር!)፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ስሙን የማይነግሩኝን ሥር ቀጥቅጠው አመጡልኝ። «የዶክተሩን ኪኒን ተይውና ይችን በባዶ ሆድሽ» አሉኝ። አመሰገንኩ፤ አልዋጥኩትም። ቅጠል ስለናቅኩ አይደለም። እኔ የምውጠው ሜትፎርሚን ራሱ ታሪኩ ከቅጠል ይጀምራል። ጋሌጋ የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የባህል መድኃኒት ነበር። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ስኳር ይቀንሳል፤ ግን መርዝነትም አለው። ኬሚስቶች ዘመዱ የሆነውን ሜትፎርሚንን በ1922 በላቦራቶሪ ሠሩት፤ በ1957 ዣን ስቴርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕመምተኛ መስጠቱን ጻፈ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቅጠሉና ኪኒኑ የሚለያዩት መጠኑ በመታወቁ ነው። ስንት ሚሊግራም እንደዋጥኩ አውቃለሁ፤ ኩላሊቴ እንዴት እንደሆነ ይታያል፤ ካልሠራ ይጨመራል። የአዛውንቱን ሥር ማን ይለካልኛል?

ኪኒኑም ቢሆን ከጣጣ ነጻ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን ሆዴን አገላበጠው። ስብሰባ መሀል ሆዴ ሲጮህ ሳል እያስመሰልኩ አሳለፍኩ። ከምግብ ጋር መዋጥና ከትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ነው መላው። ለአብዛኛው ሰው ያልፋል፤ ለእኔም አለፈ።

አሁን ወደ ትሪው ልምጣ።

ዶክተሩ ወረቀት ላይ ክብ ሣለልኝ። ግማሹ ጎመን፣ ካሮት፣ ሰላጣ። ሩቡ ምስር ወይም ዓሣ ወይም ሥጋ። የቀረው ሩብ እንጀራ። «ሳህንዎ ይህን ይምሰል» አለኝ። ጥሩ ምክር ነው፤ አልተቃወምኩም። ችግሩ ሳህን የለኝም። እኛ ቤት ያለው ትሪ ነው። አምስት ሰው ይከበዋል። እንጀራው ከታች ተነጥፏል፣ ሌላው ከጎን ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይነጠፋል። ማን ስንት እንደበላ የሚያውቅ የለም፤ ማወቅም ነውር ነው። በዚህ ላይ ጉርሻ አለ። ጉርሻ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። እናቴ ታጎርሰኛለች፤ «በቃኝ እማዬ» ስላት «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ትደግመኛለች። ሁለተኛው ጉርሻ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ቀን ለራሴ በሳህን አቀረብኩ። ቤቱ ዝም አለ። እናቴ እጇን ከትሪው ሰበሰበችና «ምን አድርገንሽ ነው?» አለችኝ። አኩርፌ መስሏት ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል አልሰማሽም ወይ አለችኝ። ክብ የሣለልኝ ዶክተር ይህን አላሰበም። ሳህን መለየት ከቤተሰብ መለየት የሚሆንበት ቤት እንዳለ እሱም ያውቃል፤ ግን ሥዕሉ የተሣለው እያንዳንዱ የራሱ ሳህን ላለው አገር ነው።

ድርድር ውስጥ ገባን። አሁን ትሪው እንደነበረው አለ፤ እኔም ከብቤ እበላለሁ። የእኔ ድርሻ እንጀራ ግን በፊት ለፊቴ ለብቻው ይነጠፋል፤ ግማሽ ገደማ ነው፤ እሱ ሲያልቅ አልቋል። ጎመኑና ምስሩ አስቀድሞ ይበላል፣ እንጀራው ኋላ ይከተላል። እንዲህ ሲደረግ ከምግብ በኋላ ስኳሩ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። እናቴም አንድ ጉርሻ ተፈቅዶላታል፤ በጎመን። ያኮረፈችው ሁለተኛው ስለቀረ ነው።

«እንጀራ ተዪ» የሚለውን ምክር ግን አልተቀበልኩም፤ ዶክተሬም አላለኝም። የሚሉት ሰዎች ብዙ ናቸው። «ጤፍ ስኳር ነው፣ ዳጉሳ መድኃኒት ነው» የሚሉም አሉ። ጎጃም ዳጉሳ መቼ ቸግሮት! አስጋገርኩ፤ በልቼም ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካሁ። በእኔ ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም። ልዩነት ያመጣው የቆረስኩት መጠን ነው። ዓሣው ግን ደስ አሰኝቶኛል። ጣና ዳር ተቀምጦ ቆሮሶ መብላት ትእዛዝ ሲሆን ማን ያማርራል? ብቻ ዱቄት ለብሶ ዘይት ውስጥ ከዋኘው ይልቅ በስልስ የተሠራው ይሻላል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው።

የቡናው ነገር አሳዛኝ ነው። የዘጌ ቡና ያለ ስኳር መጠጣት ትልቅ ነገር መሆን አልነበረበትም፤ ለእኔ ነበር። እናቴ «ታዲያ በጨው ጠጪያ፣ እኛ ድሮ ስኳር መቼ እናውቅ ነበር» አለች። ስኳርና ደም ግፊት አብረው መምጣት እንደሚወዱ፣ ጨው ደግሞ ግፊትን እንደሚያነሳ ነገርኳት። «እንግዲያ ምኑን ትጠጪዋለሽ!» ብላ ተነሳች። ባዶውን። ለመድኩት።

ጾም ላይ ደግሞ ያላሰብኩት ውይይት ገጠመኝ። እኔ እጾማለሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፤ ሳይደክመኝ የማደርገው ነገር ነው። ኪኒኑ ከቁርስ ጋር ነው የሚዋጠው። የነፍስ አባቴን አማከርኳቸው። አባ ነገሩን ሰምተው ሳያንገራግሩ «ለታመመ ጾም አይጠናበትም፤ ቁርስሽን ብይ» አሉኝ። የሚገርመው እኔ ተቆጣሁ።

«አባ፣ እኔ እኮ አላመመኝም።»

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ታመሻል አለኝ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትከራከሪው?»

መልስ አጣሁ። ፈቃድ ሲሰጡኝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እስከ ቀትር ሲጾም በጠዋት ገበታ መቅረብ ማለት ሕመምተኛነትን መቀበል ነው። ደም ሲቀዱኝ ያልተሰማኝ ነገር ያኔ ተሰማኝ። አሁን ከፍስክ እጾማለሁ፤ ሰዓቱን ትቼዋለሁ። ለመቁረብ ሳስብ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሜ እነጋገራለሁ። ሜትፎርሚን ብቻውን የሚወስድ ሰው ቢያረፍድ ስኳሩ ብዙም አይወርድም። በመርፌ የሚሰጠውን ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ሳይመክር ምግብ መዝለል የለበትም፤ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቻችንም ጉዳያቸው ያው ነው፤ ከጾሙ በፊት መድኃኒቱ መስተካከል አለበት።

ለጾመኞች አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው። ጾማችን የሚከለክለውም በአብዛኛው እነዚህን ነው። ሲጎድል እግር ያደነዝዛል፤ ስኳርም እግር ያደነዝዛል፤ ሁለቱ ይምታታሉ። አልፎ አልፎ ይታይልኝ ማለት አይከፋም።

ስለ እግር ካነሳሁ፣ ከሁሉ ያስፈራኝን ልንገራችሁ።

የክትትል ቀን ወረፋው ረጅም ነው። ሰው ከአገር ሁሉ ይመጣል፤ ከሜጫ፣ ከአቸፈር፣ ከደራ። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጡት ጎልማሳ ገበሬ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። «ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው። ሚስማር ነው አሉኝ። ጫማቸውን በስቶ ገብቶ ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ሲሄድ ውሏል። ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ ካልሲው ደም ሆኖ አዩት። «አላመመኝም እኮ» አሉኝ፤ ልክ እኔ ለዶክተሩ እንዳልኩት። በእሳቸው አፍ ስሰማው ግን ቀዘቀዘኝ። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል፤ ከእግር ጣት ይጀምራል። ሚስማሩ አለ፣ ቁስሉ አለ፣ ወሬ ነጋሪው የለም። ደም ሥርም ስለሚጠብ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። እግር የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ከተጀመረ ትንሽ ቁስል ነው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እግሬን አያለሁ። ውስጡን በመስታወት፣ የጣቶቼን መሀል በእጄ። ጫማ ሳደርግ አራግፈዋለሁ። ሙቅ ውሃ በእግሬ አልሞክርም፤ በክርኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድስ? ጫማ ይወልቃል። ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ጠጠሩ ብዙ ነው። ዘጌ ደግሞ ከጀልባ ወርዶ እስከ ገዳሙ የሚኬደው መንገድ ድንጋይና ሥር ነው፤ ለበረከት ብለው በባዶ እግር የሚወጡ አሉ። እኔ እስከ በሩ በጫማ ሄጄ፣ ውስጥ ወፍራም ካልሲ አደርጋለሁ። ማንም አልተናገረኝም።

ዓይንም እንደዚሁ ነው። ኋለኛው የዓይን ክፍል ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፤ በዓመት አንዴ መታየት አለበት። ኩላሊትም ሳያሳምም ነው የሚደክመው፤ በሽንት ምርመራ ፕሮቲን መፍሰሱ ቀድሞ ይታያል። ሁሉም አያምም። የሚያም ሲሆን ረፍዷል።

እዚያው ወረፋ ላይ አንድ ልጅ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ ከእናቱ ጋር የመጣ። የእሱ አንደኛው ዓይነት ስኳር ነው፤ የእኔ ሁለተኛው። የእኔ ቆሽት ኢንሱሊን ይሠራል፤ ሰውነቴ ነው እንደ ድሮው የማይታዘዘው። የልጁ ግን ማምረቱን አቁሟል። ኪኒን አይረዳውም፤ በየቀኑ መወጋት አለበት። እንደ እሱ ላሉ ልጆች ከመቶ ዓመት በፊት መድኃኒት አልነበረም። በረሃብ ያቆዩአቸው ነበር፤ ያም ጥቂት ወራት ወይም ዓመታት ቢገዛ ነው። ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊንን ያገኙት በ1921 ነው (ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር)። በ1922 ጥር ላይ ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ፤ በመርፌው የዳነ የመጀመሪያው እሱ ነው። የባንቲንግ የልደት ቀን ኖቬምበር 14 ዛሬ የዓለም የስኳር ቀን ተብሎ ይከበራል።

እናትየዋን «ፍሪጅ የላችሁ፣ መድኃኒቱን የት ታኖሪዋለሽ?» አልኳት። እርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ ማሰሮ አላት። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ እዚያ ውስጥ ታኖረዋለች፤ አሸዋውን ጠዋት ማታ ውሃ ታርከፈክፈዋለች። ውሃው ሲተን ይቀዘቅዛል። ሲስተሯ «አበጀሽ» አለቻት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ የተከፈተው ግን ከሙቀት ከተጠበቀ ወር ገደማ ይቆያል። የእሷ ማሰሮ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ልጁ ራሱን ነው የሚወጋው። ሲወጋ አየሁት፤ ፊቱን እንኳን አላጨማደደም። እኔ ጣቴን ለመውጋት ስንት ጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ስኳር ቶሎ የሚጮኸው ሲወርድ ነው። ከ70 በታች ሲሆን ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሰው ይቀባዥራል። እናትየዋ እንደነገረችኝ ልጇ አንዴ ገበያ መሀል ወደቀባትና ሰው «ለክፎት ነው፣ ጸበል ውሰጂው» አላት። እሷ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተነሳ። ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ የማይችል ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሐኪም ነው የሚሮጠው። መንገድ ላይ ሰክሮ የሚመስል ሰው ስታዩ ይህችን አስቡ።

ለሌላው ጊዜ ሁሉ አፍ የሚሆነን ቁጥሩ ነው። መለኪያ ገዛሁ። መለኪያው አይደለም ውዱ፤ ደሙ የሚነካበት ቁራጭ፣ እስትሪፑ ነው። የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የየትኛው እስትሪፕ ሳይቋረጥ እንደሚገኝ ፋርማሲዎቹን ጠይቁ። ሁልጊዜ መለካት አቅሜ አይደለም፤ ጥያቄ ሲኖረኝ ነው የምለካው። ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ወይም ጠዋት። ለብዙ ሰው ጠዋት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ጥሩ ነው ይባላል። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል የተሰደብኩ ያህል ያመኝ ነበር። አሁን እንደ ባንክ ሒሳብ አየዋለሁ፤ ትናንት ምን እንደወጣ ይነግረኛል፣ እኔም ዛሬ አስተካክላለሁ። የሦስት ወሩ አማካይ ደግሞ አይሸወድም። ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው አራት ወር ገደማ ነው፤ ስኳሩ እሱ ላይ እየተለጠፈ ይቆያል። ለቀጠሮ ሳምንት ብቻ ጨዋ መሆን አይጠቅምም።

ስለ እግር ጉዞ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ከራት በኋላ ሩብ ሰዓት መራመድ እኔ ላይ ከማንኛውም ቅጠል በላይ ሠርቷል። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ስኳሩን ራሱ ይወስደዋል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሐይቁ ዳር፤ ጉልበት ሲኖረኝ ቤዛዊት ኮረብታ። ማታ መንገድ ላይ መቆየት በማይመችባቸው ሰሞኖች ግቢዬን እዞራለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ተሳስቀውብኛል፤ አሁን ሁለቱ አብረውኝ ይዞራሉ።

ባለፈው የሦስት ወሩ አማካይ 7.1 ሆነ። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ7 በታች ነው። «ታዲያ ኪኒኑ ይቀነስልኝ?» አልኩት ዶክተሩን። «የወረደው እኮ ስለወሰዱት ነው» አለኝ። እውነት አለው፤ ደስ ግን አላለኝም።

አሁን የያዝኩት ሥራ ታላቅ ወንድሜን ማስመርመር ነው። ሁለተኛው ዓይነት በቤተሰብ ይሄዳል፤ ወንድሜ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ቦርጩም አለ፣ ዳንግላ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ሰሞኑን እኛ ዘንድ አደረ። በጠዋት ሳይቀምስ በግድ ጣቱን ወጋሁት። 118 ሆነ።

«እና አለብኝ ወይስ የለብኝም?» አለኝ።

«መሀል ላይ ነህ ወንድም ጋሼ። ይኼ የቤት መለኪያ ነው፣ በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። ከሆነም ከዚህ መመለስ ይቻላል፤ ክብደት በመቀነስ፣ በመንቀሳቀስ...»

«እኔን ምንም አያመኝም!»

እናቴ ከምድጃው ሥር ቀና ብላ «እሷም እንዲህ ስትል ነበር» አለችው። ቡናው ቀረበ። ወንድሜ ሦስት ማንኪያ ነበር የሚያደርገው። አየን፤ ጠበቅነው። አንድ አደረገ፣ ሁለተኛውን አንስቶ መለሰው፣ ከዚያ ተናዶ ግማሽ ጨመረ። ለአሁኑ የሰጠን ይችን ነው። ለላቦራቶሪው ለጥቅምት ቀጠሮ አስይዤለታለሁ፤ ከቀረ ዳንግላ ድረስ እሄዳለሁ ብዬዋለሁ።